በአንድ ቃል አንድ ሥዕል፦ በሳምንት ቃል የመሳል ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ እጃቸው የተፈታ ወጣት ሠዓሊዎች ሞልተዋል። ፎቶ ስጧቸው፣ ፊቱን ቁጭ ያደርጉላችኋል። "ከራስህ አንድ ነገር ሳል" ሲባሉ ግን እርሳሱ ይቆማል። "ምን ልሳል?" የሚለው ጥያቄ ከመሳሉ በላይ ይከብዳል። ለዚህ ችግር የማውቀው ምርጥ መድኃኒት የሳምንት ቃል ነው። አንድ ቃል ይወጣል። ሰባት ቀን አላችሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ቃሉን የሚናገር አንድ ያለቀ ሥዕል ታስቀምጣላችሁ። በቃ።

ልምዱ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፔኔሎፒ ዱላሃን እ.ኤ.አ. በ2003 "ኢለስትሬሽን ፍራይዴይ" የሚባለውን ጀመረች። አርብ አርብ አንድ ቃል ይወጣ ነበር፣ የፈለገ ሁሉ ይሥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄክ ፓርከር "ኢንክቶበር"ን አመጣ። እሱ የሚካሄደው በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው፤ በእኛ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት 20 ገደማ መሆኑ ነው። በቀለም ብዕር፣ በየቀኑ አንድ ሥዕል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እኔ ግን ለጀማሪ የሳምንቱን እመርጣለሁ። በየቀኑ ስትሥሉ እጅ ይፈጥናል፣ ሐሳብ ግን ለመብሰል ጊዜ አያገኝም። ሥራና ትምህርት ላለበት ሰውም አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ መሳል ከባድ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ቃሉን መሳልና ቃሉ ያለበትን ታሪክ መሳል ይለያያሉ። ቃሉ "ድልድይ" ቢሆንና ድልድይ ብቻ ብትሥሉ፣ የተሣለው ዕቃ ነው። ድልድዩ ላይ ቆማ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው "ልሻገር ወይስ ልቅር?" እያለች የምታይ ልጅ ብትሥሉ ግን ተመልካቹ ይቆማል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደዚህ ሁለተኛው ለመድረስ ናቸው።

ቃሉን ማውጣት

ቃል ለመምረጥ ቁጭ ብላችሁ አታስቡ። ከመረጣችሁ የሚቀላችሁን ነው የምትመርጡት። ዕጣ ይሁን። አንድ ባዶ ጣሳ ፈልጉ። ትንንሽ ወረቀት ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቃል ጻፉ። ለዓመት 52 ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን 12 ጻፉና ሦስት ወር ሞክሩት።

ቃሎቹን ከእንግሊዝኛ ዝርዝር እየተረጎማችሁ አታምጡ። ከአፋችሁ አምጧቸው። ጥላ፣ ሸክም፣ እንግዳ፣ ቀጠሮ፣ ጀርባ፣ ክር፣ ሽታ፣ ዕዳ፣ ጎረቤት፣ ጭቃ። ሲደባለቁ ደስ ይላል፦ የሚዳሰስ ነገር፣ የማይዳሰስ ነገር፣ ድርጊት። "ፍቅር" እና "ሰላም" የመሳሰሉትን መጀመሪያ ላይ ተዉአቸው። ልብና ርግብ ከመሳል ሌላ መንገድ ለማግኘት ልምድ ይጠይቃሉ።

አርብ ማታ አንድ ወረቀት አውጡ። ቃሉ ባይጥማችሁም አትመልሱት። ይሄ ሕግ ጥብቅ ነው። የማይጥም ቃል ነው ከለመዳችሁት ነገር የሚያወጣችሁ።

ሃያ ሐሳብ መጻፍ

ገና አትሳሉ። ስክሪፕቶና ደብተር ያዙና ቃሉ የሚያስታውሳችሁን ሃያ ነገር ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት የሁሉም ሰው ናቸው። ከስምንት በኋላ ትደነቃቀፋላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ናቸው የእናንተ።

"ጥላ" የሚለውን እንሞክር። መጀመሪያ ምን ይመጣል? ጃንጥላ። የዛፍ ጥላ። መሬት ላይ የወደቀ የሰው ጥላ። ጥላውን የሚፈራ ሰው። ቀጥሉ። በኋላ ቡና ይመጣል፤ ጅማ ነን ያለነው፣ ቡናችን ደግሞ ከዋንዛና ከሰሳ ሥር በጥላ የሚያድግ ነው። የቡና ችግኝ ማፍያ ላይ በሣር የተሠራ ዳስ። የትልቅ ወንድሙ ስም የሸፈነው ታናሽ ወንድም። ጥላ ፍለጋ ቦታ እየቀያየሩ ሙሉ ቀን የሚጫወቱ ሽማግሌዎች። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላዋን ለራሷ ሳይሆን ለከሰሉ የምትዘረጋ የመንገድ ቡና ሻጭ።

የመጨረሻዋን አቁሟት። እዚያ ውስጥ ሰው አለ፣ ቦታ አለ፣ ችግር አለ፣ ምርጫ አለ። ሴትዮዋ ትረጥባለች፣ እሳቱ ግን አይጠፋም። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ማንም ሳይነግረው ተመልካቹ ይገባዋል።

ሐሳብ ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ነው ያለው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ከዚህች ቅጽበት በፊት ምን ሆነ? ለሁለቱ እንኳ መልስ ካላገኛችሁ ሐሳቡን ተዉትና ሌላ ውሰዱ።

ወጥቶ ማየት

ቅዳሜን ለዚህ ስጡ። ከጭንቅላት ብቻ የሚሣል ነገር ሁሉ ይመሳሰላል። ሁሉም ጀበና አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት ይሆናል። ወጥታችሁ ስታዩ ግን ጀበናው አንገቱ ላይ በሽቦ ታስሮ ታገኙታላችሁ። ጃንጥላው አንድ ዘንጉ ተሰብሮ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ሥዕልን ሕያው የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው።

ጅማ ለዚህ ሀብታም ከተማ ናት። መርካቶ ገበያ ላይ ሸክምና ድርድር አለ። የእጅ ሥራ ከሚሸጥበት ቦታ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ታያላችሁ። እሱን ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር መሳል እርስ በርስ የሚሸፋፈኑ ቅርጾችን በደንብ ያስተምራል። አዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ድልድዮቹ ላይ ሰው አይጠፋም። ከበድ ያለ ሕንፃ መሳል የፈለገ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይሳል። የእንጨት ሰገነቱና የምሰሶዎቹ ድርድር ለፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም ቅርብና ሩቁን በወረቀት ላይ ለይቶ ለማሳየት፣ ልምምድ ግሩም ነው። ከዚያ ቁልቁል ከተማው ይታያል። ወፍና ውሃ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይውረድ።

ሰው መንገድ ላይ ስትሥሉ ተጠንቀቁ። ቡና እየጠጣችሁ፣ ትንሽ ደብተር ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሳሉ። ሰውየው ካያችሁ ፈገግ በሉና ደብተሩን አሳዩት። ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ ካልወደደ ግን ወዲያው ተዉት። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። "እማማ፣ ለሥዕል ብዬ ነው፣ ጀበናውን ብቻ ላንሳው?" ካላችሁ የሚከለክል እምብዛም የለም።

መንገድ ላይ ሙሉ ሥዕል ለመጨረስ አትሞክሩ። ሠላሳ ሴኮንድ የሚፈጅ ንድፍ ይበቃል። ጀርባዋ እንዴት ጎበጠ? ክርኗ የት ላይ አረፈ? ክብደቷ በየትኛው እግር ላይ ነው? እነዚህን ከያዛችሁ ፊቱን ቤት ትጨርሱታላችሁ።

ክብሪት የምታክል ንድፍ

እሁድ የክብሪት ቀፎ አምጡ። ደብተር ላይ አስቀምጡና በእርሳስ ዙሪያውን አስምሩ። ስድስት ጊዜ። ስድስት ትንንሽ ክፈፎች አገኛችሁ። ቅርጻቸው ከኤፎር ወረቀት ጋር ስለሚቀራረብ በኋላ ማሳደጉ ይቀላል።

በእያንዳንዱ ክፈፍ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ዓይን ሳሉ። በአንዱ ሴትዮዋን ከሩቅ፣ ትንሽ አድርጋችሁ፣ ዝናቡን ትልቅ። በአንዱ እጇንና ከሰሉን ብቻ። በአንዱ ከላይ፣ ጃንጥላው ክብ ሆኖ ሲታይ። በሌላው ከጀርባዋ፣ እርጥብ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ። ለእያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አታጥፉ። ዓይን፣ ጣት፣ ጥለት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሦስት ድምቀት ብቻ ተጠቀሙ፦ ነጭ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። ከዚያ ደብተሩን ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ራቅ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩ። መጀመሪያ ዓይናችሁ ያረፈው የት ነው? ከሰሉ ላይ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ፣ በጣም ደማቁ ነጭ ከጨለማው ጋር የሚገናኘው እዚያ መሆን አለበት። ሰማዩ ላይ ካረፈ ሰማዩን አጥቁሩት።

አሁን ቃሉን የማያውቅ ሰው ጥሩ። እህታችሁም ትሁን ጎረቤት። የሚሻላችሁን ሁለት ንድፍ አሳዩና "ምን እየሆነ ነው?" በሉ። "አንዲት ሴትዮ ቡናዋን ከዝናብ እየተከላከለች ነው" ካለ ደርሳችኋል። "ሴትዮና ጃንጥላ" ብቻ ካለ ታሪኩ ገና አልታየም። እሷን አርጥቧት፣ ጃንጥላውን ወደ እሳቱ አዘንብሉት፣ አንድ ደንበኛ ሲኒውን ይዞ እየጠበቀ አስቀምጡ። እዚህ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት ቀን ያድናል።

ወደ ትልቁ ወረቀት

ለመጨረሻው ሥዕል የፎቶ ኮፒ ወረቀት አይመችም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል። 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካላገኛችሁ ወፈር ያለ ነጭ ካርድ ወረቀት ይሠራል። አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ቺፑድ ላይ ለጥፉት። ፕላስተሩ ሲነሳ ነጭ ንጹህ ጠርዝ ይተዋል፣ ወረቀቱም ቀጥ እንዳለ ይደርቃል።

የክብሪቷን ንድፍ በቁመት በአራት፣ በወርድ በአራት ክፈሉ። ትልቁንም ወረቀት እንዲሁ በስሱ ክፈሉ። ከዚያ ሳጥን በሳጥን አስተላልፉ። ለዚህ ኤች ቢ እርሳስ በቂ ነው። አትጫኑ፤ የተጫነ እርሳስ በላጲስ ቢጠፋም ጎድጓዳው ይቀራል፣ ቀለሙም እዚያ ይጠራቀማል።

መስመሩን በምን ታወጡታላችሁ? እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀለም በላዩ የሚቀባበት ከሆነ ጄል እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ብዙው ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ተራው ስክሪፕቶ ቀለሙ ዘይት ስላለበት ይሻላል። ውሃ የማይለቀው ቀጭን ማርከር ካላችሁ ደግሞ እሱ ከሁሉም ይበልጣል። ማንኛውንም ብዕር አስቀድማችሁ በብጣሽ ወረቀት ፈትኑ። መስመር አስምሩ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ በእርጥብ ብሩሽ እለፉበት።

መስመሩ ሁሉ እኩል አይወፍር። ቅርብ ያለው ይወፍር፣ ሩቅ ያለው ይቅጠን። ዝናቡን በማስመሪያ አታስምሩ። በእጃችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ አንዳንዱን አጭር አንዳንዱን ረጅም አድርጉት።

ቀለሙ ቡና ቢሆንስ?

ጥሩ የውሃ ቀለም ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም። ጅማ ላይ ግን ቡና የማይገኝበት ቤት የለም። ቡና በወረቀት ላይ የሚሰጠው ቡናማ ቀለም እንደ ድሮ ፎቶ ሞቅ ያለ ነው፣ ለዝናብና ለጭስ ደግሞ ተስማሚ ነው።

ከጀበና የተረፈው ብቻውን ስስ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የላመ ቡና በግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ በጥብጡ። አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፣ አተላው ወረቀት ላይ ነጠብጣብ ይሆናልና ጨርቁን እጠፉት። የተጠለለውን በትንሽ እሳት ግማሹ እስኪቀር አንተክትኩት። ስኳር አይግባበት። ስኳር ያለው ቡና ወረቀት ላይ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል።

አሁን ሦስት ሲኒ ደርድሩ። በአንደኛው ያንተከተካችሁትን እንዳለ አድርጉ፤ ይህ አቦሉ ነው። በሁለተኛው ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር፤ ቶና። በሦስተኛው አንድ እጅ ቡና፣ አምስት እጅ ውሃ፤ በረካ። በብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስቱንም ቀቡና ሲደርቁ እዩአቸው። እርጥብ ሳሉ ከሚታየው ይልቅ ሲደርቁ ይነጣሉ።

አቀባቡ ከአጠጣጡ ተገላቢጦሽ ነው። በበረካ ትጀምራላችሁ። ነጭ መቅረት ካለበት ቦታ በቀር ሁሉን በበረካ እለፉበት። ለጥላ ሥዕላችን ነጭ የሚቀረው ከከሰሉ የሚወጣው ብርሃንና የሲኒዎቹ ጠርዝ ነው። እነሱን አንድ ጊዜ ካለፋችሁባቸው መመለሻ የለም፣ ስለዚህ በስሱ በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው። ሲደርቅ ቶናውን ጨምሩ፦ የሴትዮዋ ልብስ፣ መሬቱ፣ ኋላ ያለው ግድግዳ። በመጨረሻ አቦሉ፦ የጀበናው ሆድ፣ የጃንጥላው ውስጥ፣ ፀጉሯ።

አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይቀባም፤ በየመካከሉ በደንብ መድረቅ አለበት። ይሄን ደግሜ እላለሁ፣ ሥዕል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያልደረቀ ላይ ሁለተኛ ስትቀቡ የታችኛው ይነሳና ጭቃ ይመስላል። በጣታችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው። በክረምት የጅማ አየር እርጥበቱ ብዙ ነውና ለመድረቅ ይቆያል። ሰኞ በረካውን፣ ማክሰኞ ቶናውን፣ ረቡዕ አቦሉን ብታደርጉ አትጣደፉም። እሳት አጠገብ አታስጠጉት፣ ወረቀቱ ይጣመማል።

የዝናብ ጭጋግ ከፈለጋችሁ ወረቀቱን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አርጥቡና በረካውን ጫፍ ላይ ጣል አድርጉ፤ ራሱ ይሰራጫል። የእንፋሎት ምልክት ደግሞ ቀለሙ ገና እርጥብ እያለ በንጹህ ሶፍት ጫን አድርጎ በማንሳት ይገኛል።

የተረፈውን ቡና ለሌላ ሳምንት አታስቀምጡ። ይሻግታል። ሻጋታው ወደ ሥዕሉም ይሄዳል።

ፎቶ ማንሳትና መላክ

ሐሙስ ጠዋት፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ አንሱት። ፍላሽ ይጥፋ። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ካዘነበለ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ይጠብባል። የእጃችሁ ጥላ እንዳያርፍበት ከመስኮቱ ተቃራኒ ቁሙ።

ስካነር ያለበት የፎቶ ኮፒ ቤት ካገኛችሁ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በሉት። ኤፎር ወረቀት በዚህ ልክ ሲነሳ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፣ ለኅትመትም ይበቃል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። በስልክ ማስተካከል የሚፈልግ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ይበቃዋል። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ፣ የወረቀቱን ነጭ ንጹህ፣ ከዚያ ተዉት። በፊልተር የቡናውን ቀለም አትግደሉት።

አብሮ መሳል

ብቻችሁን ከሆናችሁ በሦስተኛው ሳምንት የመተው ዕድላችሁ ከፍ ያለ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰው ፈልጉ። ጣሳው አንድ ይሁን፣ ቃሉም አንድ ይሁን። አርብ ማታ አንድ ቡና ቤት ተገናኙና ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ደርድሩ። በአንድ ቃል አራት ሰው አራት ዓለም ይዞ ሲመጣ ማየት ከማንኛውም ትምህርት ቤት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አስተያየት ላይ አንድ ሥርዓት አስገቡ። መጀመሪያ ሠዓሊው ዝም ይላል። ሌሎቹ ያዩትን ይናገራሉ፦ "መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው እዚህ ላይ ነው፣ እሷ የተናደደች መሰለኝ።" "ቆንጆ ነው" ብቻ ማለት አይቻልም። "እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው" የሚለውም ይቆይ። ሠዓሊው ሊያሳይ የፈለገውንና የታየውን ሲያነጻጽር ለሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያሻሽል ራሱ ያገኘዋል።

ሳምንት ቢያመልጣችሁ ሁለት ሥዕል በአንድ ሳምንት ለመክፈል አትሞክሩ። ያለፈው አለፈ፣ ወረቀቱን ወደ ጣሳው መልሱ። ያልጨረሳችሁትን ግን አርብ ላይ እንዳለ አምጡት። ግማሽ ሥዕልም ይታያል።

ከሥዕሉ ጀርባ ቃሉንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። በስክሪፕቶ ከጻፋችሁ ወደ ፊት ሊያስተላልፍ ይችላል። የቡና ሥዕል ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል። በፎልደር ስታስቀምጡም በሁለት ሥዕል መካከል ንጹህ ወረቀት አድርጉ፣ ፎልደሩንም ከሚረጥብ ግድግዳ አርቁት። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ አናፍሱት። ይህን ስትጨርሱ ጣሳው ውስጥ እጃችሁን ክተቱና የሚቀጥለውን ቃል አውጡ።